ኩፐር ብላክ ለእንግሊዝኛው፤ ለአማርኛውስ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ አንድ ካፌ ሎጎ፣ ታፔላና የቡና ከረጢት እየሠራሁ ነው። ባለቤቷ ‹የድሮ ስሜት ያለው፣ ወፈር ያለ፣ ጌጥ ያለው ፊደል› ይፈልጋሉ። ለእንግሊዝኛው ኩፐር ብላክን መረጥኩ፤ በጣም ወደዱት። ለአማርኛው ግን የሚሄድ ፎንት አጣሁ። ስለዚህ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ወስጄ ኢሉስትሬተር በሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ዙሪያውን መስመር ጨምሬ አወፈርኩት። ስክሪን ላይ ያምራል። ናሙናው ቡናማው ከረጢት ላይ ሲታተም ግን ፊደሎቹ ተደፈኑ። የፎንቱ ችግር ነው ወይስ የማተሚያ ቤቱ? ኩፐር ብላክስ በእውነት የድሮ ነው? ለንግድ ብጠቀምበትስ ችግር አለው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ «ተደፈኑ» የምትለዋ ቃል ነች ነገሩን የነገረችኝ። በእሷ ልጀምር፤ ወደ ታሪኩ ኋላ እንመጣለን።

ፊደል ሲወፍር ሁላችንም የምናየው ጥቁሩን ነው። ግን ጥቁሩ በጨመረ ቁጥር የሚያልቅ ነገር አለ፤ ነጩ። በ የምትለዋን ፊደል አስቢያት። ጣሪያ አላት፣ ሁለት እግር አላት፣ በመካከል እንደ በር የተከፈተ ነጭ ቦታ አለ። ያንን ነጭ ቦታ እኔ የፊደል ሆድ እለዋለሁ። ሆዱ ከጠፋ የሚቀረው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥሩ ወፍራም ፊደል የሚስል ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጨነቀው ስለ ጥቁሩ አይደለም። ነጩን የት እንደሚያተርፍ ነው የሚያስበው።

አንቺ ዙሪያውን መስመር ስትጨምሪ የሆነውን በቁጥር እንየው። መስመሩ ወደ ውጭ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ውስጥም ይገባል። የፊደሉ እግር 80 ውፍረት አለው እንበል፤ ሆዱ 100። በየጎኑ 20 ብትጨምሪ እግሩ 120 ይሆናል። ሆዱ ከግራም ከቀኝም ተበልቶ 60 ይቀራል። በ ይህን ትችላለች። ሦስት እግር ያላቸውስ? ሐ፣ ጠ፣ ጨ። እነዚህ ሁለት ሁለት ጠባብ ሆድ ነው ያላቸው። እያንዳንዱ ሆድ 50 ከነበረ አሁን 10 ቀረው። ቡናማ ከረጢት ደግሞ ቀለም ይጠጣል፣ ቀለሙም ትንሽ ይሰፋል። ያቺ 10 እዚያው አለቀች። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱን አትውቀሺ። የሰጠሻቸውን ነው ያተሙት።

ኒያላ መጥፎ ፎንት ስለሆነ አይደለም። ለንባብ የተሠራ ቆንጆ ፎንት ነው። ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባለውም ፎንት እንዲሁ። ዎርድ ላይ ማወፈሪያዋን ስትጫኚ ሰው በእጁ የሳለው ወፍራም ኒያላ አይመጣልሽም፤ የለማ። ኮምፒውተሩ ያንኑ ቀጭኑን ፊደል ራሱ ያጠቁረዋል። አንቺ በኢሉስትሬተር ያደረግሽው ይህንኑ በእጅሽ ነው።

ጉዳቱ ከመልክም ያልፋል። በእኛ ፊደል ንባቡን ራሱን ይቀይራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ምግብ ቤት ታፔላ ሠራሁ። ልክ እንዳንቺ አወፈርኩት። ተሰቀለ። በማግስቱ ባለቤቷ ጠሩኝ። ሠፈር ውስጥ ያሉ ልጆች «ምግብ ቢት» እያሉ እየሳቁ ነበር። ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ኃምሱ ቤ ከእግሩ ሥር ያለችው ቀለበት ተደፍና ሣልሱን ቢ ሆናለች። ቢ እግሯ ላይ ትንሽ መስመር ነው ያላት፤ ቤ ቀለበት። የቀለበቷ ነጭ ነጥብ ከጠፋች ሁለቱን የሚለይ ነገር የለም። ታፔላውን በራሴ ወጪ አሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ወፍራም የአማርኛ ፊደል ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ኃምሶቹን ነው።

ሌላው አደጋ እግር ነው። በ፣ ባ፣ ቦ። በ ሁለቱም እግሮቿ እኩል ናቸው። ባ ቀኝ እግሯ ይረዝማል፤ ቦ ግራው። ሦስቱን የሚለየው ይኸው የእግር ርዝመት ብቻ ነው። ወፍራም ፊደል ደግሞ በባሕሪው አጭርና ድብልብል ነው። የርዝመት ልዩነቱ በቀጭኑ ፎንት በቂ የነበረው፣ በወፍራሙ አይበቃም። ልዩነቱን ሆን ብለሽ ማጋነን አለብሽ። የላቲን ፊደል የሚስል ሰው ይህ ጭንቀት የለበትም። የእነሱ አንድ ፊደል ትንሽ ቢደፈን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ድምፅ አይሆንም፤ የእኛ ይሆናል።

አሁን ወደ ኩፐር ብላክ።

ኦስዋልድ ኩፐር የቺካጎ ሰው ነው፤ ኦዝ ይሉት ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ተወልዶ ካንሳስ ነው ያደገው። ወደ ቺካጎ የሄደው ሥዕል ሊማር ነበር። እዚያ ፍሬድሪክ ጋውዲ አስተማረው። ጋውዲ በአሜሪካ የፊደል ሥራ ታሪክ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። በ1904 ኩፐር ከፍሬድ በርትሽ ጋር ሆኖ በርትሽ ኤንድ ኩፐር የሚባል ድርጅት አቋቋመ። የዕለት ሥራቸው ማስታወቂያ ነበር። ኩፐር ለጋዜጣና ለመጽሔት ማስታወቂያ ፊደል በእጁ ይስል ነበር። ይህን ልብ በይ። ኩፐር ብላክ የተወለደው ከብሩሽና ከቀለም ነው።

ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የሚባል፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት አቅልጦ የማተሚያ ፊደል እየሠራ ለማተሚያ ቤቶች የሚሸጥ የቺካጎ ድርጅት ነበር። የኩፐርን የእጅ ጽሑፍ ወደ እርሳስ ፊደል እንዲለውጠው ጠየቁት። መጀመሪያ በ1919 ኩፐር ኦልድ ስታይል ወጣ። ኩፐር ብላክ በ1922 ተከተለ። ገበያው ላይ እሳት ሆነ። ኩፐር ራሱ ፊደሉ አርቀው ለሚያዩ አታሚዎችና ቅርብ ብቻ ለሚታያቸው ደንበኞቻቸው የሚሆን ነው ይል እንደነበር ይነገራል። ሽያጩ ተፎካካሪዎቹን አስጨነቃቸው። በ1925 ላንስተን ሞኖታይፕ የሚባለው ድርጅት ተመሳሳይ ወፍራም ፊደል አሠራ። የሠራው ማን ይመስልሻል? ጋውዲ ነው፤ የኩፐር መምህር። ፊደሉ ጋውዲ ሄቪፌስ ይባላል። መምህሩ የተማሪውን መንገድ ሲከተል እንዲህ ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ አሁንም የተማሪው ይበልጥብኛል።

ለምን እንደሚበልጥ አንቺም እዪው። ኩፐር ብላክን በትልቁ ክፈቺና ኦ የምትለዋን ፊደል ተመልከቺ። ሆዷ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ኋላ ዘንበል ብሏል። ብሩሽ በእጅ ሲዞር እንዲህ ያጋድላል። ሴሪፎቹን ተመልከቺ፤ ማለቴ በየመስመሩ ጫፍ ያሉትን እግሮች። ሹል አይደሉም። እንደ ቀለጠ ቅቤ ክብ ናቸው። መስመሮቹ ራሳቸው ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ወደ ጫፎቹ ሲሄዱ ቀስ ብለው ያብጣሉ። ሆዶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን ያለ ቦታቸው የተቀመጠ አንድም የለም። ትንንሾቹ ፊደሎች ቁመታቸው ትልቅ ነው፤ ወደ ታች የሚወርዱት ጭራዎች አጭር ናቸው። ለዚህ ነው ቃሉ ጥብቅ ብሎ እንደ አንድ ዳቦ የሚቀመጠው። ኩፐር መጀመሪያ አጥንቱን ሠራ፤ ኦልድ ስታይሉን። ከዚያ ሥጋውን አለበሰው። አንድም ቦታ ላይ ዙሪያውን መስመር አልጨመረም።

በእውነት የድሮ ነው ወይ ላልሽው፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ግን ሰው ኩፐር ብላክን ሲያይ 1922ን አያስታውስም። የሚያስታውሰው 1960ዎቹንና 1970ዎቹን ነው፤ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። ምክንያቱ ቴክኖሎጂ ነው። እርሳሱ ቀርቶ ፊደል በፎቶግራፍ መደርደር ሲጀመር፣ ደግሞም ሌትራሴት የሚባለው ወረቀት ላይ እየታሸ የሚለጠፍ ፊደል ሲመጣ፣ ወፍራምና ክብ ፊደል በጣም ጠጋ ጠጋ አድርጎ መደርደር ቀላል ሆነ። ኩፐር ብላክ እንደገና ነገሠ። ቢች ቦይስ በሚባለው የሙዚቃ ቡድን የ1966 አልበም ሽፋን ላይ አለ። በብረት ካውያ ቲሸርት ላይ በሚለጠፉ ጽሑፎች ላይ ሞልቶ ነበር። ዛሬም ኢዚጄት አየር መንገድ በአውሮፕላኖቹ ላይ ይዞት ይበራል።

ስለዚህ ደንበኛሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው። «የድሮ ሲሉ የቱ ድሮ?» ይህን ሳይጠይቁ መጀመር ብዙ ሥራ ያበላሻል። የአሜሪካ 1970ዎቹ ከሆነ ኩፐር ብላክ ልክ ነው። የአውሮፓ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የማስታወቂያ ወረቀት ከሆነ ሌላ ፊደል ነው የሚያስፈልግሽ። የአዲስ አበባ ድሮ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም የፒያሳ የእጅ ታፔላ፣ የሙዚቃ ሸክላ ሽፋን፣ የድሮ ጋዜጣ፣ ያኔ ጉዳዩ ከአማርኛው ነው መጀመር ያለበት። ላቲኑ ነው ተከታይ የሚሆነው።

ወፍራም ጌጠኛ ሴሪፍ ስንል አንድ ዓይነት ብቻ የለም። ለአማርኛው አጋር ስትመርጪ ልዩነቱ ወሳኝ ስለሆነ እነሱንም ላንሳ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ፋት ፌስ የሚባሉት ወጡ። ሮበርት ቶርን ከመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ስሙ ይነሳል። በእነዚህ ፊደሎች ቁሙ መስመር እንደ ግንድ ይወፍራል፤ አግድሙ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። በነጻ ከሚገኙት አብሪል ፋትፌስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዚያ በ1845 ሮበርት ቤዝሊ ክላረንደንን አወጣ። ክላረንደን አግድሙም ቁሙም ወፍራም ነው፤ እግሮቹም ወፋፍራም ናቸው። ሦስተኛው የኩፐር ዓይነት ለስላሳው ነው።

አሁን የእኛን ፊደል አስቢ። የብራና ጸሐፊ ከመቃ በተቀረጸ ብዕር ሲጽፍ ቁሙ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ስለዚህ ፊደላችን በአጥንቱ ለፋት ፌስ ቅርብ ነው። ክላረንደን ለእኛ በጣም አስቸጋሪው ነው። አግድሞቹን ሁሉ ካወፈርሻቸው ቋ፣ ኳ፣ ሿ የሚባሉት ምንም ትንፋሽ አይኖራቸውም። ኩፐር በመካከል ነው። ለስላሳነቱን ልትወስጂው ትችያለሽ፤ አግድሙን ግን ኩፐር እንዳወፈረው ማወፈር አትችይም። በእኔ ግምት የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የላቲንን ሴሪፍ ቆርጦ አማርኛው እግር ላይ መለጠፍ ነው። ብዙ ጊዜ አያለሁ። የበ ሁለት እግሮች ሥር ሁለት ጠፍጣፋ ጫማ ይደረጋል። ጌጥ ይመስላል። ግን በ ጫማ ሲደረግላት ቢ ወይም ባ ልትመስል ትደርሳለች፤ እኛ ዘንድ እግር ሥር የሚጨመር ነገር ጌጥ ሳይሆን አናባቢ ነዋ! ፊደላችን የራሱ ሴሪፍ አለው። የብዕሩ ጫፍ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ የእግሩ መነሻም መድረሻም ገደድ ብሎ ይቆረጣል። ያቺ ገደድ ያለች ጫፍ ነች የእኛ ሴሪፍ። እሷን አለስልሺያት፤ ኩፐርን የምትመስለው ያኔ ነው።

ወፍራም ፊደል ለእኛ አዲስ ነገርም አይደለም። የድሮ የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሰዎች ጉልህ የሚሉት የአጻጻፍ ስልት አለ። በተለይ ከጎንደር ዘመን መጻሕፍት ጋር ስሙ ይነሳል። ፊደሉ ትልቅ፣ ሙሉ፣ ሰፋ ብሎ የተቀመጠ ነው። ፎቶውን አግኝተሽ ከተመለከትሽው የምትፈልጊውን ምስጢር ታገኛለሽ። ጸሐፊው ፊደሉን ሲያወፍር ወደ ጎንም አስፍቶታል። ለሆዱ ቦታ ሰጥቶታል። ጥቁሩና ነጩ አብረው አድገዋል። እኔ ይህን ያየሁት አንድ ገዳም ውስጥ አንድ ብራና ሲገለጥልኝ ነው። አሥር ዓመት ስክሪን ላይ ስታገለው የነበረውን ነገር አንድ ጸሐፊ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በመቃ ብዕር ፈትቶት አየሁ። ያን ቀን ያሳደረብኝ ስሜት እስከዛሬ አለ።

የኅትመቱም ታሪክ ይጠቅምሻል። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። እኛ አገር ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። የድሮ ጋዜጦችን አግኝተሽ ስታገላብጪ አንድ ነገር ታያለሽ። በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሁለት ነጥብ አለ። ፡ ይህችን ነው የምልሽ። ዛሬ ከዕለት ጽሑፍ ወጥታለች። ለዚህ ነው ሰው ሲያያት ወዲያው ድሮን የሚያስታውሰው። ታፔላሽ ላይ ሁለት ቃል ካለ በመካከሉ አስገቢያት። ነጥቦቹን እንደ ኩፐር ድብልብልና ትንሽ ዘንበል ያሉ አድርጊያቸው። ኩፐር ብላክ ውስጥ አይ (i) የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ነጥብ እዪ፤ ክብ አይደለም፣ ዘንበል ያለ እንቁላል ነው። ያንን እንቁላል ወስደሽ ሁለት ነጥብ አድርጊው። ላቲኑና አማርኛው በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። ከየትኛውም ሐረግና ቅጠል ይልቅ ይህች ትንሽ ነገር ትሠራለች።

አሁን በእጅሽ የምትሠሪውን ልንገርሽ። የካፌውን ስም ስላልጻፍሽልኝ «ጨረቃ» የሚለውን ቃል ለምሳሌ ልውሰድ።

ኒያላን ተዪው። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን አውርጂ። ከጉግል ፎንትስ በነጻ ይገኛል። ከ100 እስከ 900 ድረስ ውፍረት አለው፤ ወፍራሙም ሰው አስቦ የሳለው ወፍራም ነው። 900ውን ሳይሆን 700 ወይም 800ውን ውሰጂ፤ በኋላ አንቺ ስታለሰልሺው ትንሽ ስለሚከብድ። ስፋቱን የሚያጠቡ ዓይነቶችም አሉት። እነሱን አትንኪ። ለዚህ ሥራ ጠባብ ፊደል ጠላትሽ ነው።

ጽፈሽ ወደ ቅርጽ ቀይሪው። ከዚያ ማዕዘኖቹን አለስልሺ። ኢሉስትሬተር ላይ ኦፍሴት ፓዝ የሚለውን ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ4 አሳንሺው፤ የማዕዘኑን ዓይነት ክብ አድርጊ። የድሮውን ቅርጽ አጥፊ። ከዚያ የቀረውን በዚያው በ4 መልሰሽ ወደ ውጭ አስፊ፤ አሁንም ክብ። ውፍረቱ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ሹል ጫፎቹ ግን ክብ ሆነው ይመለሳሉ። ወደ ውስጥ የምትገቢበት ቁጥር ከቀጭኑ አግድም ግማሽ እንዳይበልጥ ተጠንቀቂ። ከበለጠ አግድሙ ይጠፋና ፊደሉ ለሁለት ይከፈላል። ተገላቢጦሹን፣ መጀመሪያ ወደ ውጭ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ አታድርጊ። እሱ የሚያለሰልሰው የውስጥ ማዕዘኖቹን ነው፤ ጠባብ ሆዶችን ይደፍንብሻል። ለላቲን ይመቻል፤ ለእኛ ፊደል አይመችም።

ከዚህ በኋላ ያለው በእጅ ነው። ኮምፒውተሩ አያግዝሽም። ጨ ላይ ቁጭ በዪ። ጨ ከጠ የተወለደች፣ ሦስት እግር ያላት፣ ከጠም በላይ የተሸከመች ፊደል ነች። እግሮቿን ከረ እግር ቀጠን አድርጊያቸው። እኔ የአንድ እግር ፊደል 100 ከሆነ ሦስት እግር ያላቸውን ከ80 እስከ 85 አደርጋለሁ። በቁጥር ልዩነት አለ፤ ዓይን ግን እኩል ነው የሚያያቸው። ከዚያ ጨን ወደ ጎን አስፊያት። አትፍሪ፤ ከረ እጥፍ ብትሰፋም ችግር የለውም። እንግሊዝኛው ላይ ኤም ከአይ ስንት እጥፍ እንደሚሰፋ ተመልከቺ። ቃ ደግሞ እግሯ ታች ሲደርስ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ያቺን ማጠፊያ እንደ ኩፐር ጫፍ ትንሽ አሳብጫት። ቆንጆ ቦታ ነው። ጌጥ ማድረግ ከፈለግሽ ጌጡን እንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ አድርጊ፤ ፊደሉ ራሱ በሚታጠፍበትና በሚጨርስበት።

ጠጋ ጠጋ ማድረጉ ላይ ኩፐርን አትከተዪው። ኩፐር ብላክ ጥብቅ ሲል ያምርበታል። የእኛ ካዕቦች ቀኝ ጎናቸው ላይ መስመር አላቸው፤ ሣልሶችና ኃምሶች ሥራቸው ላይ። ቡና ብለሽ ብትጽፊ የቡ ቀኝ መስመር ናን ሊነካት ይደርሳል። ከተነካኩ ሌላ ፊደል ይመስላል። ነጩ ክፍተት ከእግሩ ውፍረት ሲሶ እንዳያንስ።

ስለ ቁመት። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ከላቲኑ ጋር ስታስቀምጪ የቱ ጋር ላመሳስል የሚለው ይመጣል። ላቲኑ በሙሉ በትልልቁ ፊደል ከሆነ አማርኛውን ከእሱ ጋር እኩል አድርጊ። ላቲኑ በትንንሹ ከሆነ አማርኛው ከትንሹ ፊደል ከፍ፣ ከትልቁ ዝቅ ይበል። ዋናው ግን ማን ይቅደም የሚለው ነው። አማርኛው ቃሉ አጭር ነው። ቡና ሁለት ፊደል ነው፤ በላቲን አራት ይሆናል። እኩል ስፋት እንዲይዙ ብለሽ አማርኛውን ብታሳድጊው እሱ ዋናው ይሆናል። እኔ ለአዲስ አበባ ታፔላ ይህን ነው የምመርጠው። አላፊ አግዳሚው የሚያነበው አማርኛውን ነው።

ቁጥሮቹን ከኩፐር ብላክ ራሱ ውሰጂ። «250 ግራም» ስትጽፊ 2ቱና 5ቱ በጣም ያማምራሉ። የግዕዝ ቁጥሮችን ለጌጥ ማስገባት ካማረሽ ትልቅ ቦታ ላይ ብቻ አድርጊው። ከላይና ከታች መስመር ስላላቸው ሲወፍሩ በትንሹ አይነበቡም።

ፈቃዱን በተመለከተ። ኩፐር ብላክ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ምናልባት ያገኘሽው ከዚያ ነው። ያ የፎንት ፋይል የራሱ ፈቃድ አለው። የመቶ ዓመቱ ቅርጽና የዛሬው ፋይል አንድ አይደሉም፤ ፋይሉን የሠራው ድርጅት መብት አለው። የኦፊስሽ ፈቃድ ለንግድ ሥራ የሚሆነው ዓይነት መሆኑን አንብቢ። ፋይሉን ለደንበኛሽ ወይም ለማተሚያ ቤቱ አትስጪ፤ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረሽ ስጪ። ከዚህ ሁሉ መገላገል ከፈለግሽ ፍራንሰስ የሚባለውን ፎንት ሞክሪ። እንደ ዊንድሰር፣ ሱቨኒርና ኩፐር ካሉ የድሮ ለስላሳ ፊደሎች መንፈሱን የወሰደ ነው። ልስላሴውን እንደ ድምፅ ማስተካከያ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ካፕራሲሞ የሚባለውም ፎንት ከፍራንሰስ ሠሪዎች ነው፤ ለኩፐር የበለጠ ይቀርባል። ሁለቱም፣ ኖቶም ጭምር፣ በክፍት ፈቃድ ነው የሚገኙት። ለንግድ ትጠቀሚበታለሽ፣ ቅርጹንም ትቀይሪያለሽ። ፎንቱን ብቻውን መሸጥ ነው የማይፈቀደው። እኔ ብሆን ለዚህ ሥራ ፍራንሰስን እመርጥ ነበር። ልስላሴውን ከአማርኛው ጋር እኩል እስኪሆን ማስተካከል ስለምትችዪ።

ከማሳተምሽ በፊት ደግሞ ስክሪንሽን አትመኚው። በዚያው ቡናማ ወረቀት ላይ፣ በዚያው የማተሚያ ዘዴ አንድ ናሙና አሠሪ። ከረጢቱ ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለም በወንፊት ጨርቅ ተጭኖ የሚታተም፣ ከሆነ ቀጫጭን ነጮች መጀመሪያ የሚሞቱት እዚያ ነው። ከዚያ ናሙናውን ግድግዳ ላይ ለጥፊና ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሆነሽ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው። ከሌሎቹ የጠቆረ ፊደል ካለ እሱን እንደገና ቅረጪ። ደግሞ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሸፍነሽ አሳዪ። ቤን ቢ ካለሽ፣ ባን በ ካለሽ፣ አልጨረሽም።

ሌላ አንድ ነገር፣ ቀለም። ደንበኛሽ ወርቃማ ጥላ፣ ድርብ መስመር፣ የተሰነጠቀ አሮጌ መልክ ጨምሪ ሊሉሽ ይችላሉ። ለመጀመሪያው ናሙና እሺ አትበዪ። ፊደሉ በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻውን መቆሙን መጀመሪያ እንይ። ሁለተኛ ቀለም ካስፈለገ ቀይ አለልሽ፤ ብራና ላይ ከጥቁሩ ጋር የኖረው እሱ ነው።

የተስተካከለውን ስትጨርሺ ላኪልኝ። ሙሉ ቃሉን በከረጢቱ ልክ፣ ከእሱ ጋር ሦስት እግር ያለውን ፊደል ለብቻው በትልቁ። ኃምስ ካለበትም እሱንም ጨምሪ።